ሃያ ዋት ለሚበላ ኮምፒውተር 550 ዋት

ኮምፒውተሩ በርቷል እንጂ ምንም እየሠራ አልነበረም። ሶኬቱ ላይ የሰካሁት የዋት መለኪያ ግን 31 ይላል። ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትተው 10 ዋት ገደማ። ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች እየተሽከረከሩ አምስት አምስት። ቢበዛ 20። ታዲያ 11ዱ ዋት የት ገባ? እጄን ኬዙ ጀርባ ላይ ሳሳርፍ መልሱን አገኘሁት። ፓወር ሰፕላዩ፣ የሶኬቱን ኃይል ለኮምፒውተሩ ወደሚስማማ ቮልት የሚቀይረው ክፍል፣ ለብ ብሏል። ይህ ነው የሚባል ሥራ ሳይኖረው ይሞቃል።

ያ ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ነበር። የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። አንድ ወዳጄ ጌም የሚጫወትበትን ማሽን ሲገጣጥም «ትልቅ ግዛና ተገላገል» ብሎኝ ነበር። ለእሱ ምክሩ ልክ ነው። የእሱ ግራፊክስ ካርድ ብቻውን የእኔን ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ይውጠዋል። እኔ ግን ያንኑ ምክር ይዤ ሌላ ዓይነት ማሽን ልሠራ ተነሣሁ።

የፈለግኩት ቀን ከሌት የሚበራ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሳጥን ነው። ፎቶና ሰነድ ይይዛል፤ ማታ ማታ የሌሎቹን ኮምፒውተሮች ባክአፕ ይወስዳል። ማዘርቦርዱ ሚኒ አይቲኤክስ ነው፤ 17 ሴንቲሜትር በ17 ሴንቲሜትር። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ3-12100ቲ። ሲስተሙ አንድ ኤስኤስዲ ላይ፣ ዳታው ሁለት ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስኮች ላይ። ግራፊክስ ካርድ የለም። እንዲህ ያለ ማሽን ልትገጣጥሙ ካሰባችሁ ከእኔ ስህተት የምትጠቀሙት ነገር ይኖራል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሮቹ። ለፓወር ሰፕላይ ምርጫ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ሦስት ናቸው፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ያያል። አንደኛው ማሽኑ ሥራ ሲፈታ የሚወስደው ነው። ሁለተኛው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚወስደው። ሦስተኛው፣ በጣም የሚረሳው፣ ቁልፉን ስትጫኑ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚጎትተው ነው።

ሥራ መፍታት ለጌም ማሽን ትርጉም የለውም። ሲጨርሱ ይጠፋል። ሁልጊዜ ለሚበራ ማሽን ግን ዋናው ኑሮው እሱ ነው። የእኔ ሳጥን በቀን ውስጥ ከሃያ ሰዓት በላይ ምንም አይሠራም።

ሙሉ ኃይል ላይ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ካርቶን ይሸውዳል። 12100ቲ የ35 ዋት ፕሮሰሰር ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ኢንቴል ራሱ ለዚህ ፕሮሰሰር ሁለት ቁጥር ነው የሚያወጣው፤ 35 ዋት መነሻው፣ 69 ዋት ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር የሚደርስበት ጣሪያ። ኤኤምዲም ጋ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። 65 ዋት የተጻፈባቸው ብዙዎቹ የኤኤም4 (የማዘርቦርድ መሰኪያ ዓይነት ነው) ፕሮሰሰሮች በዚያ መሰኪያ በኩል እስከ 88 ዋት እንዲወስዱ ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ ስትደምሩ ትልቁን ቁጥር ያዙ። የእኔ ድምር፦ ፕሮሰሰሩ 69፣ ማዘርቦርድ፣ ሜሞሪና ኤስኤስዲ 15፣ ሁለቱ ዲስኮች ሲጽፉና ሲያነቡ 16። በአጠቃላይ 100 ዋት።

ሲነሣስ? ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ የቆመውን ሳህን ለማሽከርከር ሲነሣ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ 2 አምፔር አካባቢ ይስባል። 24 ዋት ማለት ነው፤ ለአንድ ዲስክ። ከዚያ በኋላ ወደ አምስት ዋት ይወርዳል። ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ሲነሡ 48። አራት ቢሆኑ 96። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩም በዚያው ቅጽበት እየተነሡ ነው። ብዙ ዲስክ ያለው ሰው ፓወር ሰፕላዩን የሚመርጠው ለዚህች ለአምስትና ለስድስት ሰከንድ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንድ ኮንትሮለሮች ዲስኮቹን ተራ በተራ ያስነሣሉ። ያ ካላችሁ አብሩት። ብዙ ሸክም ያቀላል።

መለኪያውን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሶኬት ላይ የሚሰካው መለኪያ ዋትም ቮልት-አምፔርም ያሳያል። የምታነቡት ዋቱን ይሁን። በትንሽ ጭነት ሁለቱ በጣም ሊራራቁ ይችላሉ፤ እኔ መጀመሪያ ሳላውቅ ሌላኛውን እያየሁ ስደናገር ነበር። ደግሞ መለኪያው በሰከንድ አንዴ ያህል ነው ቁጥሩን የሚቀይረው። በማስነሻው ላይ እኔ ያየሁት ትልቁ ቁጥር 104 ነበር፤ እውነተኛው ከዚያ ይበልጣል ብዬ ነው የማስበው።

አሁን ወደዚያ 550 ዋት እንመለስ። ብሮንዝ የሚል የ80 ፕላስ ምልክት ነበረው። 80 ፕላስ ፓወር ሰፕላዩ ከሶኬት ከሚወስደው ስንት በመቶውን ለማሽኑ እንደሚያደርስ የሚመሰክር ነው፤ ደረጃው ከብሮንዝ ወደ ጎልድ፣ ፕላቲነምና ታይታኒየም ከፍ ይላል። ምልክቱን አይቼ «ብቃቱ የተመሰከረለት ነው» ብዬ ነበር የገዛሁት። ምስክርነቱ እውነት ነው። ችግሩ ስለ እኔ ማሽን ምንም አለመናገሩ ነው።

80 ፕላስ ብቃትን የሚለካው ፓወር ሰፕላዩ ከሙሉ አቅሙ 20፣ 50 እና 100 በመቶ ሲጫን ነው። በ115 ቮልት ሲለካ ብሮንዝ በእነዚህ ነጥቦች ላይ 82፣ 85 እና 82 በመቶ እንዲደርስ ይጠየቃል። ጎልድ 87፣ 90፣ 87። ታይታኒየም ብቻ ነው አሥር በመቶ ላይ ጭምር የሚለካው። አሁን አስቡት። የ550 ሃያ በመቶ 110 ዋት ነው። የእኔ ማሽን በሙሉ ኃይሉ እየሠራ እንኳ ፈተናው የሚጀምርበት ነጥብ ላይ አይደርስም። ሥራ ሲፈታ ያለው 20 ዋት ደግሞ አራት በመቶ እንኳ አይሞላም። እዚያ ታች ማንም አልለካም። አንድ ፓወር ሰፕላይ ራሱን ለማንቀሳቀስ ብቻ የሚያባክናት የማትቀንስ ድርሻ አለችው፤ ለፋኑ፣ ለመቆጣጠሪያው ሰርኪዩት፣ ለትራንስፎርመሩ። ሸክሙ ትልቅ ሲሆን ይህች ድርሻ አትታይም። ሸክሙ 20 ዋት ሲሆን ግን ትገዝፋለች። የእኔ 11 ዋት የሄደው ወደዚያ ነው።

ስለዚህ የምልክቱን ቀለም ብዙ አትመኑት። የምትፈልጉት ሞዴል በገለልተኛ ሰው ተለክቶ ከሆነ ግራፉን ፈልጉና የግራውን ጫፍ እዩ፤ 10 እና 20 ዋት ላይ ስንት በመቶ እንደሆነ። አዳዲሶቹ የኤቲኤክስ (የፓወር ሰፕላይና የማዘርቦርድ የጋራ ደንብ) መመሪያዎች ስለዚህ ዝቅተኛ ጭነት መናገር ጀምረዋል፤ ስለዚህ በቅርብ የወጡ ሞዴሎች ከድሮዎቹ ይሻላሉ። አንድ ጥሩ 300 ዋት ጎልድ፣ ለእንዲህ ያለ ማሽን ከ750 ዋት ፕላቲነም በብዙ መንገድ ይመረጣል። ችግሩ ትንሽና ጥሩ ፓወር ሰፕላይ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። አምራቾቹ ትልቁን መሸጥ ይወዳሉ።

ያን 550 ከመቀየሬ በፊት ግን የባሰ ጥፋት አጠፋሁ።

ኬዙ ጠባብ ነው። የ550ው ኬብሎች ረጅምና ደረቅ ስለነበሩ ማዘርቦርዱ ላይ ተጠቅልለው አየር ይዘጋሉ። ፓወር ሰፕላዩ ሞጁላር ነው፤ ኬብሎቹ ይነቀላሉ። መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ ከሌላ አሮጌ ሞጁላር ፓወር ሰፕላይ የተረፈ አጭርና ለስላሳ የሳታ ኬብል፣ ለዲስክ ኃይል የሚያደርሰው፣ አለ። ጫፉን አየሁት። ያው ነው። ሰካሁት፤ ቀጥ ብሎ ገባ። ጠቅ አለ። ደስ አለኝ። ቁልፉን ተጫንኩ።

ሽታው ከድምፁ ቀድሞ መጣ። ክው አልኩ። ሶኬቱን ስነቅለው ኤስኤስዲው ሞቶ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ። እንደ ዕድል ሆኖ ሃርድ ዲስኮቹን ገና መልሼ አልሰካኋቸውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ በኩል ያለው የሳታ ጫፍ በሁሉም ፓወር ሰፕላይ አንድ ዓይነት ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ ግን ምንም የጋራ ደንብ የለውም። እያንዳንዱ አምራች፣ አንዳንዴም አንዱ አምራች በሁለት ሞዴሎቹ ላይ፣ ሽቦዎቹን በፈለገው ቅደም ተከተል ይደረድራል። የፕላስቲኩ ቅርጽ ስለተመሳሰለ ብቻ ይገባል። የእኔ ኬብል 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልቱ ፒን ነው የላከው። በአምስት ቮልት የሚኖር ኤስኤስዲ ደግሞ 12 ቮልት አይችልም። አሁን ማንኛውም ኬብል ከመሰካቴ በፊት፣ ከራሱ ከፓወር ሰፕላዩ ካርቶን ካልወጣ፣ በቴስተር እለካለሁ፤ ዲስኩ በኩል ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ጥቁሩ ግራውንድ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ እግረ መንገዴን፦ ከሞሌክስ (ባለ አራት ፒኑ የድሮ መሰኪያ) ወደ ሳታ የሚቀይረው ርካሽ ኬብል፣ በተለይ ጫፉ በፕላስቲክ ተቀልጦ የታተመው ዓይነት፣ ውስጡ ሽቦዎቹ ተጠጋግተው እየተነካኩ እሳት የሚያስነሣበት ጊዜ አለ። ካስገደዳችሁ ሽቦው እየተወጋ የሚያዘውን ዓይነት ፈልጉ። ባያስገድዳችሁ ይሻላል።

ሌላ ኤስኤስዲ ገዛሁ፤ በዚያው ፓወር ሰፕላዩንም ልቀይር ቆረጥኩ። መጀመሪያ ያየሁት መጠኖቹን ነው። የተለመደው ኤቲኤክስ ስፋቱ 150፣ ቁመቱ 86፣ ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ 140 ሚሊሜትር ነው። ይሄ ለትንሽ ኬዝ አይታሰብም። ኤስኤፍኤክስ 125 በ63.5 በ100 ሚሊሜትር ነው፤ የእኔ 550 ይህ ነበር። ኤስኤፍኤክስ-ኤል 30 ሚሊሜትር ይረዝምና ለ120 ሚሊሜትር ፋን ቦታ ያገኛል። ቲኤፍኤክስ ቀጭንና ረጅም ነው፤ የቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ ታገኙታላችሁ። ፍሌክስ ኤቲኤክስ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ 81.5 በ40.5 በ150።

ፍሌክሱ አማለለኝ። ተውሼ ሞከርኩት። ኃይሉ በቂ፣ መጠኑ ልክ፣ በሙቀትም አይታማም። ድምፁ ግን የትንኝ ነው። 40 ሚሊሜትር ፋን በቂ አየር ለመግፋት በጣም በፍጥነት መዞር አለበት፤ ፍጥነቱ ደግሞ ቀጭን ጩኸት ይሆናል። ሌሊት በጸጥታ መሃል ያ ድምፅ ጆሮ ውስጥ ይሰነቀራል። አንዳንዶች ፋኑን በጥሩ ፋን ይቀይሩታል። እኔ አላደረግኩትም፤ እናንተም ብዙ ልምድ ከሌላችሁ ፓወር ሰፕላይ አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በማግስቱ መለስኩት።

ከዚያ ነው ወደ ፒኮ ፒኤስዩ የመጣሁት። ላላያችሁት፣ ይሄ ሳጥን የለውም። ጣት የምታህል ሰርኪዩት ቦርድ ናት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባለ 24 ፒን መሰኪያ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ፋን የላትም። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ውጭ ያለ አዳፕተር ነው፤ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር። ቦርዷ ያንን 12 ቮልት ተቀብላ 5ቱን እና 3.3ቱን ትሠራለች። በ80፣ በ120፣ በ160 ዋት እና በመሳሰሉት መጠኖች ትገኛለች።

ጥቅሙ ቦታ ብቻ አይደለም። ሙቀት የሚፈጥረው ትልቁ ሥራ ከኬዙ ወጥቶ ጠረጴዛ ሥር ይሄዳል። የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል ይቀንሳል የሚባል የሥራ ቤት ሒሳብ አለ። ቀን ከሌት ለሚበራ ማሽን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዳፕተሩ ቢሞት ደግሞ ኬዝ መፍታት የለም። ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው።

የ160 ዋቷን ገዛሁ። አዳፕተር ግን ቤት ነበረኝ። ከድጡ ወደ ማጡ የገባሁትም እዚህ ላይ ነው።

አዳፕተሩ ለኤልኢዲ መብራት የተገዛ፣ ስም የሌለው ነው። ላዩ ላይ 12 ቮልት፣ 10 አምፔር ይላል። 120 ዋት መሆኑ ነው። የእኔ ጣሪያ 100 ዋት፤ በ12 ቮልት ሲካፈል 8.3 አምፔር። ይበቃል። ወረቀት ላይ።

ማሽኑ ተነሣ። ዋት መለኪያው ወደ 25 ወረደ። ፈነደቅኩ። ሦስት ቀን በሰላም ሠራ። በአራተኛው ሌሊት ባክአፑ መሃል ላይ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። በማግስቱም እንዲሁ። አንዳንዴ ሳይጠፋ ዲስኮቹ «ጠቅ» ብለው ለአንድ ሰከንድ ይቆሙና እንደገና ይነሣሉ። እኔም የተሳሳተውን ሰው ማሰር ጀመርኩ። ሜሞሪውን ለአንድ ሙሉ ሌሊት ፈተሽኩ፤ ንጹሕ። ዲስኮቹን ፈተሽኩ፤ ጤነኛ። የሳታ ኬብሎቹን ቀየርኩ። ሲስተሙን እንደገና ጫንኩ። ሁለት ሳምንት በዚህ አለፈ።

በመጨረሻ ቴስተሩን ትርፍ ሞሌክስ ላይ ሰክቼ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ማሽኑን በሙሉ ኃይሉ አሠራሁት። ሥራ ሲፈታ 12.0 የነበረው ቁጥር ወደ 11.2 ወረደ። የኤቲኤክስ ደንብ ለ12 ቮልት መስመር ለብዙ ዓመታት ሲፈቅድ የቆየው አምስት በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። ዝቅተኛው 11.4 ማለት ነው። ዲስኮቹ «ጠቅ» የሚሉት ቮልቱ ሲወርድባቸው ራሳቸውን ለማዳን መርፌያቸውን ወደ ማረፊያው እየሰበሰቡ ነበር።

ጥፋተኛው ፒኮዋ አይደለችም። እዚህ ላይ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። ተራዋ ባለ 12 ቮልት ፒኮ፣ 12 ቮልቱን እሷ አትሠራውም፤ ከአዳፕተሩ የመጣውን ዝም ብላ ታሳልፈዋለች። አዳፕተሩ ቢወርድ ዲስኩም ይወርዳል። አዳፕተሩ ቆሻሻ ቮልት ቢልክ ዲስኩም እሱን ይበላል። ስለዚህ ፒኮ ለሚገዛ ሰው እውነተኛው ፓወር ሰፕላዩ አዳፕተሩ ነው። ሰው ግን ለቦርዷ ይጨነቅና አዳፕተሩን ከመሳቢያ ያወጣል። እንደኔ።

የእኔ አዳፕተር ደግሞ ሁለት በሽታ ነበረበት። 10 አምፔር የሚለው ጽሑፍ ምኞት ነው። ሳነሣው መጠርጠር ነበረብኝ፤ ላባ ነው። ሽቦውም ቀጭን ነው። ሒሳቡን እዩት፦ ከአዳፕተሩ እስከ ማሽኑ ያለው ሽቦና መጋጠሚያ አንድ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖራቸው፣ 8 አምፔር ሲያልፍ 0.8 ቮልት እዚያው ይቀራል። 12 ሲቀነስ 0.8፣ 11.2። ቴስተሩ ያሳየኝ ቁጥር ነው። በ12 ቮልት ዓለም ውስጥ አምፔሩ ትልቅ ስለሚሆን ሽቦ ርዝመቱም ውፍረቱም ዋጋ አለው። በሶኬቱ በኩል ያለውን ገመድ የፈለጋችሁትን ያህል አርዝሙት፤ በ12 ቮልቱ በኩል ያለውን ግን አታስቀጥሉ።

ክቡን ጃክ እዩልኝ ደግሞ። በጣም የተለመዱት የውጭ ስፋታቸው 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ፣ ውስጣቸው 2.1 ወይም 2.5 የሆኑት ናቸው። በዓይን አይለዩም። 2.5ቱን 2.1 መሰኪያ ላይ ብትሰኩት ይገባል፤ ግን ላላ ብሎ ነው የሚነካው። ኬዙን ስትነኩት ማሽኑ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጃኮች የተሠሩት ለ5 አምፔር አካባቢ ነው። 8 አምፔር ስትልኩባቸው ይሞቃሉ፤ ከቆየም ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከ100 ዋት የሚያልፍ ነገር ካሰባችሁ ባለ አራት ፒኑን ክብ መሰኪያ፣ ወይም ለከፍተኛ አምፔር ተብሎ የተሠራውን ጃክ ፈልጉ። ማሽኑ በሙሉ ኃይል ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ጃኩን በጣታችሁ ንኩት። ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ሥራ አለባችሁ።

በመጨረሻ የገዛሁት አዳፕተር 12 ቮልት፣ 12.5 አምፔር፣ 150 ዋት ነው። ስም ካለው አምራች፣ ሙሉ የመረጃ ወረቀት ካለው። መረጃ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ነው ያየሁት፦ አምፔሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠው መሆኑን እንጂ የቅጽበት ጣሪያ አለመሆኑን፣ ሪፕሉ (ቮልቱ ላይ የሚቀረው ትንሽ መዋዠቅ) ከ120 ሚሊቮልት የማያልፍ መሆኑን፣ እና ላዩ ላይ በሮማውያን ቁጥር ስድስት መታተሙን። ስድስት ቁጥር የውጭ አዳፕተሮች የብቃት ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ ከ49 እስከ 250 ዋት ያሉት አዳፕተሮች ምንም ሳይሰካባቸው ከ0.21 ዋት በላይ መውሰድ የለባቸውም፤ ብቃታቸውም በአማካይ ቢያንስ 88 በመቶ መሆን አለበት። በእጅ ሲያዝም ይከብዳል። ክብደት ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ደስ ይላል።

አሁን ሥራ ሲፈታ 24 ዋት ነው። ከመጀመሪያው በ7 ዋት ያነሰ። ሰባት ዋት ምን አላት ትሉ ይሆናል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ሲባዛ 61 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሀብታም አያደርግም። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ዩፒኤሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ያው ባትሪ አሁን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል። ሙሉ ኃይል ላይ ቴስተሩ 11.8 ያነባል፤ ዲስኮቹም «ጠቅ» ማለት አቁመዋል።

ስለ ዩፒኤስ ካነሣሁ፣ ባትሪ ቀጥታ ፒኮ ላይ ማገናኘት የሚያስቡ አሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን «12 ቮልት» የሚባለው የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ከ14 ያልፋል፣ ሲደክም ወደ 10.5 ይወርዳል። ተራዋ ፒኮ ያንን ሁሉ እንዳለ ወደ ዲስኮቹ ታሳልፋለች። ለዚህ ሥራ ሰፊ የቮልት መጠን የምትቀበል ሌላ ዓይነት አለች፤ 12ቱንም ራሷ የምትሠራ። እሷን ካልሆነ ተዉት። የዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር በማስተካከያ 12 ቮልት እንዲሰጥ ለማድረግ የምትሞክሩም፣ የዩኤስቢ የኃይል ደንብ የተለመዱት ደረጃዎች 5፣ 9፣ 15 እና 20 መሆናቸውን እወቁ። 12 የሚሰጡ አሉ፤ ሁሉም ግን አይሰጡም።

ሌላ ትንሽ ነገር። አዳፕተሩ ባለ ሁለት እግር ከሆነና ኬዛችሁ ብረት ከሆነ፣ እጃችሁን በቀስታ ስታሳልፉበት ስስ ንዝረት ሊሰማችሁ ይችላል። ውስጡ ካለው የማጣሪያ ካፓሲተር የሚያልፍ በጣም ጥቂት ፍሰት ነው፤ በጥሩ አዳፕተር ጉዳት የለውም። እኔ ግን አልወደድኩትም። ግራውንድ ያለውን ባለ ሦስት እግር መረጥኩ።

ፒኮ ለሁሉም አይደለችም። ግራፊክስ ካርድ ካለ፣ ዛሬ ባይኖርም ነገ የሚመጣ ከመሰላችሁ፣ ኤስኤፍኤክስ ግዙና ጨርሱ። ከአራት በላይ ዲስክ ካለም እንዲሁ። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሌላ ማሽን ነቅላችሁ ልትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የመጡ ፕሮሰሰሮች ሲተኙ 12 ቮልቱ ላይ የሚወስዱት ፍሰት ከምንም አይቆጠርም። የድሮዎቹ ፓወር ሰፕላዮች 5ቱን እና 12ቱን በአንድ መጠምጠሚያ ስለሚቆጣጠሩ፣ አንዱ ሥራ ሲፈታ ሌላው ይዛባል። ማሽኑ ሲተኛ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ሲ6 እና ሲ7 የሚሉትን የእንቅልፍ ደረጃዎች አጥፉና ሞክሩ። ዳነ ማለት ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው።

ዛሬ ከዜሮ ብጀምር ግን ምናልባት ፒኮም አልገዛ። ራሳቸው ማዘርቦርዳቸው ላይ 19 ቮልት መሰኪያ ያላቸው ቀጫጭን ሚኒ አይቲኤክስ ቦርዶች አሉ። የላፕቶፕ ቻርጀር ይበቃቸዋል። ቮልቱን የሚቀይረው ራሱ ቦርዱ ስለሆነ የአዳፕተሩ መውረድ ዲስክ አይነካም፤ አምፔሩም ስለሚያንስ ጃኩ አይቃጠልም። 100 ዋት በ19 ቮልት 5.3 አምፔር ብቻ ነው። እንቅፋቱ ለሃርድ ዲስክ የሚሰጡት ኃይል ውስን መሆኑ ነው፤ ቦርዱ መመሪያ ላይ ስንት ዲስክ እንደሚችል ሳታነቡ አትግዙ።

ያ 550 አልተጣለም። ያኔ «ትልቅ ግዛ» ላለኝ ወዳጄ ሰጠሁት፤ ለሁለተኛ ማሽን ካርድ ገዝቶ ነበር። ኬብሎቹን በሙሉ በአንድ ላይ አስሬ፣ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ የሞዴሉን ስም በትልቁ ጽፌ አንጠለጠልኩባቸው። ያችን አጭር ኬብል ግን ሁለት ቦታ ቆርጬ ነው የጣልኳት።